ሁለት ቀለም ያለው ካርታ፦ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ የቻለውና ያልቻለው

ጄሪ ዊስት በ1999 ከሰሜን ካሮላይና መጥተው የሜሪላንዱን የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በሥራ አስኪያጅነት ሲረከቡ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የትምህርት ወረዳው በመላው አሜሪካ ስሙ የሚነሣ ነበር። አማካይ ውጤቱ ያኮራል። ጉዱ ያለው አማካዩ ውስጥ ነው። ዊስት የካውንቲውን ካርታ ዘርግተው በሁለት ቀለም ከፈሉት። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች፣ ቤታቸው እንግሊዝኛ የማይነገር ልጆች፣ ጥቁርና ላቲኖ ተማሪዎች የሚበዙበት ቀይ ሆነ፤ የቀረው አረንጓዴ። ቀዩ ከዋሽንግተን ወሰን ተነሥቶ ሲልቨር ስፕሪንግንና ዊተንን ይዞ፣ የ270 አውራ ጎዳናን እየተከተለ ወደ ጌተርስበርግና ጀርመንታውን ይወጣል። ቤተዝዳ፣ ቼቪ ቼዝና ፖቶማክ አረንጓዴው ውስጥ ናቸው።

ቀዩን ሰፈር ብዙ ሐበሻ ያውቀዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል አማርኛ ሳይሰሙ አንድ ስኒ ቡና መጨረስ ያስቸግራል። የትምህርት ወረዳው ራሱ ለወላጆች የሚያወጣውን መረጃ በአማርኛ ጭምር ያትማል። ስለዚህ የዚህ ቦርድ ታሪክ ለኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ እኛም ካርታው ላይ ነበርን።

ታሪኩን የመረጥኩት ግን ሰፈሩ ስለሚቀርበን ብቻ አይደለም። በአንድ ካውንቲ፣ በአንድ ዘመን፣ የድሃ ልጆችን ውጤት ለማሻሻል ሁለት የተለያዩ መንገዶች ጎን ለጎን ተሞክረውበታል። አንደኛውን ቦርዱ ራሱ አስቦ፣ ወስኖ፣ ዐሥር ዓመት ገፋበት። ሁለተኛው ቦርዱ ሳያውቀው ሊባል በሚችል መንገድ፣ ሌላ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌሎች ሰዎች የወሰኑት ነው።

ስምንት ወንበር

«የትምህርት ቤት ቦርድ» ሲባል አገር ቤት የሚታየን ሌላ ነገር ነው። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት) ወይም የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አጥር ያሳጥራል፣ ክፍል ለማስጨመር መዋጮ ይሰበስባል፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ቤት ለቤት ዞሮ ይመልሳል። ጉዳዩ ያው አንድ ግቢ ነው። የሞንጎመሪው ቦርድ ግን በ2010 ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችና ከ140 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩት። አባላቱ ስምንት ናቸው። ሰባቱን ሕዝብ ለአራት ዓመት ይመርጣቸዋል፤ ስምንተኛው ተማሪዎች ራሳቸው ለአንድ ዓመት የሚመርጡት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ፖሊሲ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የትኛው ሰፈር ልጅ የት እንደሚማር የሚወስነውን የክልል መስመር ያሰምራል። ከዚህ ወርዶ መምህር አያዝዝም። ርእሰ መምህር ጠርቶ «ይህችን ልጅ ወደ ጥሩው ክፍል አዛውርልኝ» የሚል የቦርድ አባል ካለ የተመረጠበትን ሥራ ገና አላወቀውም።

ስለ ቦርዱ አሠራር ሁለት ነገር ካልተያዘ የቀረው አይገባም።

አንደኛው ገንዘቡ ነው። በሜሪላንድ የትምህርት ቦርድ ግብር መጣል አይችልም። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ያቀርባል፣ ቦርዱ በጃንዋሪ የሕዝብ አስተያየት ሰምቶ በፌብሩዋሪ ያጸድቃል፣ ከዚያ የካውንቲው ምክር ቤት በሜይ የመጨረሻውን ቁጥር ይቆርጣል። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይገባል። በጁን መጥቶ የልጁ ክፍል ለምን እንደተጨናነቀ የሚጠይቅ ወላጅ አዳራሹን አልሳተም፤ ወሩ ግን አልፎበታል። ብዙዎቻችን የምንመጣው በጁን ነው።

ሁለተኛው የምርጫው ሥርዓት ነው። ከሰባቱ አምስቱ የሚወከሉት ከየክልላቸው ነው፤ እዚያው መኖርም ግዴታቸው ነው። የሚመርጣቸው ግን የካውንቲው መራጭ በሙሉ ነው። የቤተዝዳ ተወካይ ያለ ዊተን ድምፅ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ተወካይም ያለ ፖቶማክ ድምፅ አያልፉም። ይህ ደንብ ተራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከዕቅዱ ይልቅ ለውጡን የተሸከመው እሱ ይመስለኛል። ፓትሪሺያ ኦኒልን እንውሰድ። በ1998 ተመርጠው በ2021 እስካረፉ ድረስ የቤተዝዳንና የቼቪ ቼዝን አካባቢ ወክለው በቦርዱ የቆዩ ሴት ናቸው፤ በካውንቲው ታሪክ የእርሳቸውን ያህል የቆየ የለም። ገንዘብ ወደ ቀዩ ቀጠና እንዲሄድ የተወሰነው እንዲህ ያሉ የአረንጓዴው ቀጠና ተወካዮች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። ተጠሪነታቸው ለገዛ ሰፈራቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ ስንት አባል ያስከፍል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከአምስት ዓመት ልጅ መጀመር

ቦርዱ በ1999 መገባደጃ «የተግባር ጥሪያችን» የተሰኘ ዕቅድ ተቀበለ። ዕቅዱ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፦ መለኪያውን ለሁሉም ከፍ ማድረግና በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ። ልዩነቱን እናጥብብ ብቻ ቢሉ የፖቶማክ ወላጅ «ከልጄ ቀንሰው ሊያካፍሉ ነው» ይላል። መለኪያውን ከፍ እናድርግ ብቻ ቢሉ ደግሞ ቀድሞ የተጠቀመው ይበልጥ ይጠቀማል። ሁለቱ በአንድ ገመድ ታሰሩ።

ባለሙያዎቹ መረጃውን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት። አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኤፒ የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ይወስዳል አይወስድም የሚለው መካከለኛ ደረጃ ላይ በያዘው ሒሳብ ይወሰናል። የያዘው ሒሳብ አንደኛ ደረጃ ላይ የት እንደተመደበ ይናገራል። ምደባው ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያነብ። ንባቡ ከኬጂ ይጀምራል። ስለዚህ ገንዘቡን ከታች ጀመሩት። ለተመራጭ ይህ የሚያጓጓ ውሳኔ አይደለም፦ ዛሬ ኬጂ የገባ ልጅ ዲፕሎማ እስኪይዝ የቦርዱ አባል ሦስት ምርጫ ማሸነፍ አለበት።

ስልሳ ገደማ የሚሆኑት የቀዩ ቀጠና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ አገኙ። የሙሉ ቀን ኬጂ መጀመሪያ የገባው እነርሱ ዘንድ ነው (ስቴቱ ለሁሉም ግዴታ ያደረገው በ2002 በወጣ ሕግ ነው፤ ጊዜውም እስከ 2007 የተሰጠ ነበር)። ኬጂ ላይ ለአንድ መምህር 15 ልጅ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ 17 ልጅ የሚል መጠን ተተከለ። ንባብና ሒሳብ ሰፊ ሰዓት ተሰጣቸው። መምህራኑም ሥልጠና አገኙ። ይህ ሁሉ ሲደመር ለአንድ የቀይ ቀጠና ተማሪ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ወጪ ነበር።

ይህን ለአረንጓዴው ሰፈር ወላጅ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እኛ ቤት ግን የታመመው ልጅ ለብቻው ሾርባ ሲሠራለት የቀሩት አያኮርፉም፤ ቢያኮርፉም እናት አትሰማቸውም። ቦርዱ ዐሥር ዓመት ያህል ያልሰማው በዚህ መንገድ ነው። የትምህርት ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መጥፎ ዕቅድ ስለሚይዙ ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት ዕቅድ ስለሚቀይሩ። ሥራ አስኪያጅ ያባርራሉ፣ አዲሱ አዲስ መፈክር ይዞ ይመጣል፣ መምህራኑ «ይህም ያልፋል» ብለው ክፍላቸውን ዘግተው እንደ ድሮው ያስተምራሉ። ሞንጎመሪ ውስጥ ዊስት እስከ 2011 ቆዩ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት። የቦርዱ ወንበሮች ሰው ቢቀይሩም ዕቅዱ አልተቀየረም።

ለውጡ ታች ላይ ቶሎ ታየ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ከዐሥር የኬጂ ልጆች ዘጠኙ ገደማ አንደኛ ክፍል የሚገቡት የወረዳውን የንባብ መለኪያ አሟልተው ሆነ። በ2010 ወረዳው ማልኮም ባልድሪጅ የሚባለውን የአገሪቱን የጥራት ሽልማት ተቀበለ።

መምህሩን ማን ያሰናብታል?

አገር ውስጥ ብዙ ያነጋገረው ግን የመምህራኑ ጉዳይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በዚያው ሰሞን ወረዳው ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ መምህራን መምህራንን የሚረዱበትና የሚገመግሙበት ሥርዓት ዘረጋ። አዲስ መምህርና በርእሰ መምህሩ ግምገማ ዝቅ ያለ ነባር መምህር ልምድ ያለው አማካሪ መምህር ይመደብለታል። አማካሪው ክፍል ገብቶ ያያል፣ አብሮ ያቅዳል፣ ራሱ አስተምሮ ያሳያል። ከዚያ ጉዳዩ ስምንት መምህራንና ስምንት ርእሰ መምህራን ወዳሉበት ጉባኤ ይቀርባል። ተሻሽሏል ወይስ ይሰናበት? ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል።

ይህን ያህል ለስላሳ የሚመስል አሠራር ማንንም አያባርርም የሚል ሥጋት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ2011 በታተመ ዘገባ ዊስት እንደተናገሩት፣ ሥርዓቱ በሠራባቸው 11 ዓመታት ጉባኤዎቹ 200 መምህራንን አሰናብተዋል፤ 300 የሚሆኑ ደግሞ ግምገማው ውስጥ ከመግባት ሥራውን መተው መርጠዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት የተሰናበቱት አምስት ነበሩ። አለቃ ብቻውን ሲያባርር ማኅበሩ ይሟገታል፤ የሥራ ባልደረቦቹ ዓመት ሙሉ ረድተውት «አልሆነም» ሲሉ ግን የሚሟገት አይገኝም።

በዚያው ጊዜ የኦባማ አስተዳደር መምህራን በተማሪዎች የፈተና ውጤት እንዲመዘኑ ለሚስማሙ የሚሰጥ ገንዘብ አቅርቦ ነበር። ሞንጎመሪ 12 ሚሊዮን ዶላር ሊደርሰው ይችል ነበር፤ አልፈልግም አለ። መምህራኑ ያመኑበትን ሥርዓት ለዚያ ገንዘብ ማፍረስ አላዋጣቸውም። ገንዘብ መመለስ ለተመራጭ ከባድ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ቦርድ ውሳኔዎች ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

አልጀብራው

ሁሉም ነገር አልተሳካም። «መለኪያውን ከፍ ማድረግ» ከሚለው ግማሽ ሐሳብ የወጣው ግብ አብዛኛው ተማሪ ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ አልጀብራ እንዲወስድ ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ አደገ፤ በየዓመቱም ተጨበጨበለት። ልጆች ክፍልፋይ በቅጡ ሳይገባቸው ወደ ፊት ይዘለሉ ነበር። በ2010 ወረዳው ራሱ ያቋቋመው የሒሳብ ጥናት ቡድን ብዙ ተማሪዎች ከአቅማቸው በላይ እንደተጣደፉ ተናግሮ ሩጫው እንዲገታ መከረ። በ2013 መጀመሪያ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት ሲወጣ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ከተፈተኑት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ወድቀው ተገኙ።

ቦርዱ በ2015 ምን አደረገ? ማጠቃለያ ፈተናዎቹን አስቀረ። የፈተና ጊዜ ማስተማሪያ ጊዜን ይበላል የሚለው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ቢሆንም ትኩሳት ሲወጣ ቴርሞሜትሩን የጣለ ቤተሰብ ይመስለኛል። የቦርድ አባል ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ «ስንት ልጅ አልጀብራ ተመዘገበ?» ሳይሆን «ስንቱ ገባው?» ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በስላይድ ላይ ያምራል፤ የሁለተኛው አያምርም። ስለዚህ ሳይጠየቅ ዓመታት አለፉ።

ሌላው አዳራሽ

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ።

ከ1974 ጀምሮ በሞንጎመሪ የሚሠራ አንድ የቤት ሕግ አለ። ብዙ ቤት የሚገነባ ባለ ሀብት ከሚሠራው ውስጥ ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከእነዚያ ደግሞ እስከ አንድ ሦስተኛው ድረስ የካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን ገዝቶ ለድሃ ቤተሰቦች ማከራየት ይችላል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ የሀብታሞች ሰፈር መሃል፣ ከውጭ ሲታዩ ከጎረቤቶቻቸው የማይለዩ ቤቶች ውስጥ፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ የሆኑ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የትኛው ቤተሰብ የት እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ ነው።

ዕጣ ሲሆን ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። ሄዘር ሽዋርትዝ የምትባል አጥኚ እነዚህን 850 ገደማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ2001 እስከ 2007 ተከታትላ ጥናቷን በ2010 አወጣች። ሁሉም የድሃ ልጆች ናቸው፤ መነሻቸውም ተመሳሳይ ነው። ዕጣው ከፊሎቹን አረንጓዴ ቀጠና ጣላቸው፤ ተጨማሪው 2,000 ዶላር የማይደርስበት፣ ነገር ግን ጥቂት ድሃ ተማሪ ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት። ሌሎቹን ቀይ ቀጠና፤ ትንሽ ክፍል፣ የሙሉ ቀን ኬጂ፣ የሠለጠነ መምህር ያለበት።

አንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ አረንጓዴው ቀጠና የተማሩት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ድሃ ካልሆኑት የካውንቲው ልጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት በሒሳብ በግማሽ፣ በንባብ በአንድ ሦስተኛ ጠብቦ ነበር። ይህም በአንድ ዓመት የመጣ አይደለም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ልጆቹ እዚያው ሰፈር ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ ነው።

ይህን ጥናት ይዘው «የቀዩ ቀጠና ገንዘብ ባከነ» ያሉ ነበሩ። ጥናቱ እንዲህ አይልም። ያ ገንዘብ ባይኖር የቀዩ ቀጠና ልጆች የት ይደርሱ እንደነበር ሊነግረን አይችልም፤ ያነጻጸረው ገንዘቡ ያለበትን ከሌለበት ጋር ሳይሆን አንዱን ዓይነት ትምህርት ቤት ከሌላው ጋር ነው። ደግሞም አረንጓዴው ቀጠና ውስጥ የገቡት ድሃ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ለቦርድ አባል የሚያስጨንቅ ግኝት ነው። ዐሥር ዓመት ታግሎ ያመጣውን ያህልና ከዚያም በላይ ለእነዚያ ልጆች ያመጣላቸው፣ ከቦርዱ ውሳኔ ጋር ምንም ያልተያያዘ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ያወጣው የግንባታ ሕግ ሆነ።

ጥናቱ ሲወጣ ዊስት ጡረታ ሊወጡ ነበር። በ2014 የምክር ቤቱ የቁጥጥር ቢሮ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ድህነት የበዛባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኤፒንና ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በመሳሰሉ መለኪያዎች ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት ከ2010 ወዲህ እንደሰፋ አሳየ። ተማሪዎቹም በገቢና በዘር ይበልጥ እየተለያዩ ነበር።

መስመሩ

ቤት መሥራት የቦርዱ ሥልጣን አይደለም። ልጆችን ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኘው መስመር ግን ነው። በ2018 ቦርዱ የክልል ወሰን ሲሰመር የተማሪዎች ስብጥር ይበልጥ እንዲታሰብበት ፖሊሲውን አሻሻለ። በተከታዩ ዓመት መግቢያ ላይ የካውንቲው ወሰን በሙሉ እንዲጠና ተወሰነ፤ ሐሳቡን ፊት ሆና ከገፉት አንዷ በተማሪዎች ወንበር የተቀመጠችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚያ የነበረ ሰው አይረሳውም። የሕዝብ መድረኮቹ ጮኹ። ስለ አውቶቡስ ርዝመት፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ጓደኛ መለያየት ተነገረ፤ ከስሩ ያለው ጉዳይ ካርታው ላይ ያሉት ሁለት ቀለሞች እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። በኖቬምበር 2019 ቦርዱ በካውንቲው ሰሜን፣ በክላርክስበርግ፣ በኖርዝዌስትና በሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ልጆችን የሚያዛውር ውሳኔ አሳለፈ። ሰልፍ ወጣበት። ከተቃወሙት መካከል ስደተኛ ወላጆችም ነበሩ፤ አንዱን ትምህርት ቤት ብለው ዕድሜ ልክ የሚከፈል የቤት ዕዳ የገቡ። እነርሱን ክፉ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን አልችልም። «ለልጄ ስል ነው» የምንለውን የምንገዛው እኮ በቤት ዋጋ ነው። ያን መስመር ማንቀሳቀስ የሰው ቁጠባ መንካት ነው።

የሙሉው ካውንቲ ጥናት በማርች 2021 ተጠናቀቀ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደተጣበበ፣ የትኛው ባዶ ወንበር እንዳለው፣ የትኛው ሰፈር ልጅ አጠገቡ ያለውን አልፎ እንደሚሄድ በካርታና በሰንጠረዥ ዘርዝሯል። አንድም የወሰን ለውጥ ግን አልመከረም። ቦርዱ ሲያስጠናውም እንዲመክር አልጠየቀውም ነበር።